ብርሃኑን እዪው እያልኩ የከረምኩበት ክረምት

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የሰዎችን ቀጠሮ ልጽፍበት ነበር። ለማንም የማልነግረው ነገር ስለ ገጠመኝ የመጀመሪያውን ገጽ ለራሴ ወሰድኩት።

እሁድ ጠዋት ስነሳ ራሴን እንደ ጉድ አመመኝ። ቀኝ እጄ ደንዝዟል። ተኝቼበት ይሆናል ብዬ አሸሁት። ማንቆርቆሪያውን ባነሳ ከእጄ አመለጠኝ። እኩለ ቀን ሲሆን ሁሉም ለቀቀኝ። ድካም ነው። በእኔ ዕድሜ ብቻውን የሚኖር ሰው አንዳንዴ ያመዋል፣ ምን ይደንቃል።

ሰኞ ግን የመጀመሪያዋን ሴት አስተኝቼ ዓይኔን ስጨፍን ምንም የለም።

እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሰው ጠባቧ አልጋ ላይ ይጋደማል፣ እኔ እጄን ከገላው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ የሚያመው ቦታ ላይ እዘረጋለሁ። «ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ሞቅ ያለ ብርሃን ከአናትሽ ሲወርድ እዪው» እላለሁ። እሷ ታያለች፣ እኔም አያለሁ። የኃይል ፈውስ ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ሥዕሉ ሳይጠራ ይመጣልኝ ነበር። የጉልበት ሕመም እንደ ዝገት፣ ሐዘን እንደ ረጠበ ሱፍ፣ ጭንቀት እንደ ተቋጠረ ሲባጎ ሆኖ። ብርሃኑን በዓይነ ሕሊናዬ እየመራሁ ዝገቱን አጥበው፣ ሲባጎውን እፈታው ነበር። ሰዎች ቀለል ብሏቸው ደረጃውን ይወርዳሉ።

አሁን ጨለማ ብቻ። መጋረጃ የተዘጋ ያህል እንኳ አይደለም። መጋረጃውም የለም።

ዛሬ ተራው የመምህርቷ ነበር። ሆዷን የሚያማት የሒሳብ መምህር ናት፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ትመጣለች። ዓይኗን እንደ ጨፈነች «እትዬ፣ ዛሬስ እብጠቱ ምን አክሎ ታየዎት?» አለችኝ።

«ቀንሷል» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ቀንሷል» አልኳት።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ራሴን ፈተንኩ። ሎሚ። ቢጫ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጫፉ ሾል እንደሚል አውቃለሁ። ማወቅ ነው እንጂ ማየት አይደለም። ባሕር። ያደግኩበት ቤት በር። የእናቴ እጅ። አንዱም አልመጣ አለ።

ከዚያ ባለቤቴን ሞከርኩ።

ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። እሱ ከሄደ ወዲህ ከሥራ በኋላ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጠራው ነበር። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ይመጣል፤ ውሎዬን እነግረዋለሁ። እብደት አይደለም። ውሎዬን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። ዛሬ ጠራሁት። ኮፍያ ያደርግ እንደነበር አውቃለሁ። ኮፍያውም እሱም የሉም።

ፎቶውን አወጣሁ። ሳየው አለ። ዞር ስል የለም።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

መምህርቷ መጣች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ ቁጥር ወዳጅ። ከአራት ወር በፊት መጀመሪያ ስትመጣ ሆዷ ውስጥ ያየሁትን እብጠት «ብርቱካን ያክላል» ብያት ነበር። ያኔ በእርግጥ አይቻለሁ፤ ጥቁር፣ ድፍን፣ ብርቱካን የሚያክል። በወሩ «ሎሚ» አልኳት። ያንንም አይቻለሁ። እሷ ታዲያ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ላይ ግራፍ ሠራችለት። ወደ ጎን ሳምንቱ፣ ወደ ላይ መጠኑ። በየማክሰኞው የምናገረውን ሰምታ አንድ ነጥብ ታስቀምጣለች።

ዛሬ ግራፉን አልጋው ላይ ዘርግታ አሳየችኝ። ከማስመሪያ የወጣ ይመስል ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

«በዚህ አያያዝ ነሐሴ ላይ ዜሮ እንገባለን» አለች። «ተማሪዎቼ እንዲህ የሚታዘዝ መስመር ሠርተውልኝ አያውቁም። ዛሬስ ስንት ልጻፍ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨለማ።

«ለውዝ» አልኩ። «ከነቅርፊቱ።»

«ከነቅርፊቱ!» ብላ ሳቀችና ነጥቧን አስቀመጠች። ቦርሳዋን ስትከፍት የታጠፈ የሐኪም ቤት ወረቀት ታየኝ፤ ማኅተም አለው። «ሐኪም አይቶሽ ነበር እንዴ?» አልኳት። «አይተውኝ ነበር። እነሱ የሚያውቁት መቅደድ ነው። እናቴ ከቀዶ ጥገናው ክፍል አልወጣችም፣ እትዬ። እኔ ከእርስዎ ጋር እያጠፋሁት ነው።» ቦርሳውን ዘጋችው።

እኔም አፌን ዘጋሁ።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

የመኝታ ቤቱ በር ጠርዝ እንደገና ቀኝ ትከሻዬን መታኝ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው። ይህ በር ሲሠራም ጠማማ ነው። ብርጭቆም ሰበርኩ። እዚያ መኖሩን አላየሁም።

ሰኔ 15፣ እሁድ

ልጄ ደወለ። ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ በሚያስኬድ ከተማ የሕንፃ አሳንሰር ይጠግናል። እሁድ ይደውላል፤ አራት ደቂቃ።

«ደህና ነሽ እማዬ?»
«ደህና ነኝ። አንተስ?»
«ደህና። ሥራ?»
«ይመጣሉ።»

ስለ ሥራዬ ከዚህ አልፎ ጠይቆኝ አያውቅም። ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያ ክፍል አጠገብ ማለፍ አይወድም። ያፍርብኛል መሰለኝ። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ብርድ እንዳይመታሽ» አለና ዘጋው።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

የምኖርበትም የምሠራበትም ቤት ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ነው። የመለኪያው ሜትሮ ከአንገቱ ስለማይወርድ ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሮ» ይለዋል። ወለሉ ስስ ስለሆነ የታች ወሬ ሁሉ ወደ ላይ ይመጣል። ዛሬ አንዲት ደንበኛ «ላይኛዋ ሴትዮ ዓይኗን ጨፍና ታያለች አሉ፣ እውነት ነው?» ስትለው ሰማሁ።

«ስትጨፍን እንኳ ታያለች» አለ ሜትሮ። «ስትገልጥ ነው ያስቸገራት። ትናንት ደረጃው ላይ ባልዲዬን ረግጣ ልትገደል ነበር።»

ሳቁ። እኔም ላይ ሆኜ ሳቅሁ። ባልዲው በቀኝ በኩል ነበር። እዚያ የሚያስቀምጠው ሆን ብሎ መሰለኝ።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

«የቡና ፍሬ» አልኳት።

አጨበጨበች። አልጋው ላይ ተኝታ አጨበጨበች። ክንዷ የልጅ ክንድ ሆኗል።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ሜትሮ ሊያናግረኝ ወደ ላይ መጣ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። በሩ ላይ ቆሞ ቀኝ እጅጌዬን እያየ «ቁልፉን ረስተሽዋል፣ እህቴ። ትናንትም እንደዚሁ ነበር» አለኝ። ቆለፍኩት። ለመቆለፍ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። እሱ አላወራውም፤ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

«ስለ መምህርቷ ነው» አለ። «ቀሚሷን በሁለት ወር ሦስቴ አጠበብኩላት። መጀመሪያ አራት ሳንቲሜትር። ከዚያ ሦስት። ዛሬ አምስት። ሆዷ ጋ ግን አታጥብብ ትለኛለች። ከላይም ከታችም እየቀጠነች መሃሏ አይቀንስም። እኔ ስለ ብርሃን የማውቀው ነገር የለም፤ ጨርቅ ነው የማውቀው። ግን አንቺ ታያለሽና፣ ምን እየሆነች ነው?»

«እየተሻላት ነው» አልኩት።

«እሺ» ብሎ ወረደ።

አሁን መሽቷል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እዚህ ቁጭ ብዬ ራሴን እመረምራለሁ። ለምን አልነግራትም? ተስፋዋን እንዳልሰብር ነው እላለሁ። ተስፋ ራሱ ያድናል እላለሁ፤ ስንቱን በዚህ ቃል አሳምኛለሁ። ግን እውነቱን ልጻፍ፤ የሚያነበው የለም። ማየቴን ካጣሁ ምን ነኝ? ባሏ የሞተባት፣ በር የሚመታት አንዲት አሮጊት። ማክሰኞ ሰው ደረጃዬን የሚወጣው ማየት ስለምችል ነው። ካልወጣ ከእሁድ እስከ እሁድ ድምፅ የለም።

ለእሷ ብዬ አይደለም ማለት ነው። በቃ፣ ጻፍኩት።

የሚመጣው ማክሰኞ እነግራታለሁ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

አልመጣችም። እፎይ አልኩ። ከዚያ እፎይ ማለቴ አስጠላኝ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ትናንት የሆነውን በደንብ ልጽፈው።

ዓርብ ቀትር ላይ ነው። ደረጃው ላይ የሚንፏቀቅ እግር ሰማሁ። መምህርቷ ናት፤ አንድ እጇ ግድግዳው ላይ፣ አንዱ ሆዷ ላይ። ፊቷ አመድ መስሏል። አልጋው ላይ ልደግፋት ስል እምቢ ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ከትናንት ጀምሮ ነው» አለች። «ሲጠፋ እንዲህ ያደርጋል አይደል? የመጨረሻው ስለሆነ ነው አይደል? እዩልኝ፣ እትዬ። አንዴ እዩልኝና እፎይ ልበል።»

አጠገቧ ተንበረከኩ። እጄን ዘረጋሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እግዜር ያውቃል፣ በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር እንዲታየኝ ለመንኩ፤ ውሸት ሥዕል እንኳ ቢሆን። ጨለማ። በእጄ ሥር ግን ቀሚሷን የወጠረው ሆዷ ነበረ። ስንት ሳምንት ስንዝር ከፍ አድርጌ እይዘው የነበረውን እጄን ዝቅ አደረግሁት። ድንጋይ ነው። ለማወቅ ዓይን የማያስፈልገው ትልቅ ድንጋይ።

«አይታየኝም» አልኳት።

«ጠፋ ማለት ነው?»

«እኔ ነኝ የማላየው። ከሰኔ መጀመሪያ ጀምሮ ምንም አይታየኝም። ለውዙንም የቡናውንም ፍሬ ፈጥሬ ነው የነገርኩሽ።»

ጮሃ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሳምንታቱን ወደ ኋላ እየቆጠረች ነበር።

«ከዚያ በፊትስ?» አለች በመጨረሻ። «ብርቱካኑ? ሎሚው?»

«እነሱን አይቻለሁ። ያየሁት የአንቺን ሆድ ይሁን የራሴን ምኞት ግን ዛሬ አላውቅም። በፊትም አላውቅም ነበር፤ ጠይቄው ስለማላውቅ ነው።»

«ነጥቦቹን በእስክሪብቶ ነው ያስቀመጥኳቸው» አለች። ከዚያ አቃሰተችና ጎኗ ላይ ወደቀች።

ጮህኩ። ሜትሮ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ መጣ፤ ወገቧን ይዞ አወረዳት። ሱቁን ክፍቱን ትቶ ታክሲ አስቆመ። መኪናው ውስጥ ራሷ ጭኔ ላይ ነበር። እንደ ልማዴ «ብርሃኑን እዪው» ልል አፌን ከፈትኩና መለስኩት። «እዚህ ነኝ» ብቻ አልኳት። እጄን አልገፋችውም።

ሐኪም ቤቱ ወዲያው ወሰዳት። ኮሪደሩ ላይ የሚገፋ አልጋ መጣ፤ ሁሉም ዞር ሲል እኔ አልዞርኩም፣ ዳሌዬን መታኝ። አንዲት ወጣት ሐኪም ቆም ብላ አየችኝ።

«እናቴ፣ አላዩትም?»

«ከየት እንደመጣ እንጃ።»

ፊት ለፊቴ ቆመች። «አፍንጫዬን ብቻ ይዩ። ጣቴን ሳንቀሳቅስ ይንገሩኝ።» በግራ በኩል አየሁ። ከዚያ ጠበቅኩ።

«ቀጥዪ እንጂ» አልኳት።

«እያንቀሳቀስኩ እኮ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

እኔንም መረመሩኝ። አንጎሌን ፎቶ አንስተው አሳዩኝ፤ ከኋላ በኩል ትንሽ የነጣ ቦታ አለ። ደም ሥር ተዘግቶ ነበር አሉ፣ ወር አልፎታል። የቀኙ እይታዬም፣ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣው ሥዕልም በዚያው ነው የሄዱት። ሐኪሟ «ሥዕሉ የጠፋባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም» አለችኝ። ቀጥላም «እጅዎ ሲደነዝዝ፣ በር ሲመታዎት፣ ለምን ዝም አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

በሩ ጠማማ ነው ብዬ ነበር ልላት አፈርኩ።

መምህርቷን ቅዳሜ ሆዷን ቀደዷት። ተርፋለች። እህቷ ከክፍሉ ወጥታ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። «ያወጡት የሁለት ጡጫ ያህል ነው» አለችኝ፤ ሁለቱን ጡጫዋን አጋጥማ ፊቴ ላይ አሳየችኝ። «እንዳይገቡ ብላለች።»

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ሐኪሟን ኮሪደር ላይ ያዝኳት። «በጊዜ ነው የመጣችው ማለት አልችልም» አለች። «ረፍዷል ማለትም አልችልም። ገና ረጅም ሕክምና አላት።»

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ለሚመጡት ሁሉ እየነገርኩ ነው። «አይታየኝም፤ ሕመም ያለበት ሐኪም ቤት ይሂድ።» ብዙዎቹ ከንፈር መጠው ሄዱ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ አዛውንት ብቻ «ታዲያ መጋደም ይከለከላል እንዴ?» አሉኝ። አንድ ሰዓት አልጋው ላይ ተጋደሙ። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ማናችንም ምንም አላየንም። ሲወጡ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

ልጄ ሲደውል ሜትሮ መድኃኒቴን ሊያደርስልኝ መጥቶ አጠገቤ ነበር። «ደህና ነኝ» ስል ስልኩን ከእጄ ነጠቀ።

«ደህና አይደለችም» አለው። «እናትህ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሥር ተዘግቶባት ወር ሙሉ በር ስትሰድብ ከርማለች። ልጇ ነህ ወይስ ደንበኛዋ ነህ?»

ልገለው ነበር።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

መምህርቷ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው።

«እትዬ፣ ገና ይቅር አላልኩዎትም» አለች። «ያን ቀን ባይነግሩኝ ደግሞ ቤቴ ተኝቼ እቀር ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ሒሳብ ቢሆን እርስ በርስ ይጣፉ ነበር። እነዚህ ግን አይጣፉም።»

«አይጣፉም» አልኩ።

«ሲጣፉ እደውላለሁ። ካልተጣፉም ላልደውል እችላለሁ።»

«ይገባኛል፣ ልጄ።»

አልዘጋችውም። ትንፋሿን እሰማለሁ። እኔም አልዘጋሁትም። ከዚያ ነርስ መጣችና ተቋረጠ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከእንግዲህ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ልጄ ቅዳሜ መጣ። ሁለት ዓመት አይቼው አልነበረም፤ ጺሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል። ቃል ሳይናገር የመኝታ ቤቱን በር ፈታ፤ ጠርዙን በጎማ ሸፍኖ መልሶ ገጠመው። ቃል ሲያጣ እጁ የሚናገርለት ሰው ነው፣ ልክ እንደ አባቱ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ሳለ ድንገት ወጣልኝ። «የአባትህ ፊት ጠፍቶብኛል» አልኩት። «ዓይኔን ስጨፍን የለም። አራት ዓመት የኖርኩት በዚያ ነበር።»

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቀየሚኝ።»

«ተናገር።»

«እኔ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም።»

«ምኑን?»

«ምንም ነገር። ዓይኔን ስጨፍን ጨለማ ነው። ስወለድም ጀምሮ ጨለማ ነው። ልጅ ሆኜ ሲያተኩሰኝ እጅሽን ትዘረጊና "ሰማያዊው ውኃ ታየህ?" ትዪኝ ነበር። "አዎ" እልሻለሁ። ሁሉም ሰው ለአባባል የሚለው ነገር መስሎኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ነው ሌላው ሰው የምር እንደሚያይ የገባኝ። ከዚያ በኋላ አንቺን ፈራሁ።»

«እኔን? ለምን?»

«የሰው ሁሉ ውስጥ ይታይሻል። የኔን ብታዪ ባዶ ነው። ያንን እንዳታዪ ብዬ ነው የራቅኩት።»

ሃያ ዓመት። ያፍርብኛል ብዬ እኔ፣ ታፍርብኛለች ብሎ እሱ፤ በየእሁዱ አራት አራት ደቂቃ። አንድም ቀን እንዳላየሁት ነገርኩት። ባዶነቱንም፣ ፍርሃቱንም፣ ምንም። የራሴን ልጅ ሳላይ ነው ለሰው ስመለከት የኖርኩት።



«ታዲያ አባትህን በምንህ ታስታውሰዋለህ?» አልኩት።

አሰበ። «በማርሽ።»

ተነሳና ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። ተቀመጠ፤ መሪ ያዘ። በአፉ ሞተር አስነሳ፤ የዚያን አሮጌ አውቶቡስ ጉርምርምታ። ዳገቱ ጀመረ። ድምፁ እየከበደ፣ እየተጨነቀ ሄደ፤ ልክ ሊጠፋ ሲል ጠቅ አድርጎ ሳል አደረገ፣ «ነይ እንጂ እመቤቴ!» አለ፣ ማርሹን ቀየረ። ያቺን ሳል ረስቻት ነበር። ባለቤቴ ማርሽ ሊቀይር ሲል ሁሌ ይስላል። ሠላሳ ዓመት ከኋላው ወንበር ሆኜ ሰምቼው፣ ፊቱን ብቻ ስፈልግ ረስቼዋለሁ። ሳቄ መጣ፤ ዕንባዬም መጣ። ከታች ሜትሮ በዘንግ ኮርኒሱን እየመታ «ማነው ሱቄ ላይ አውቶቡስ ያቆመው?» ሲል ልጄ በአፉ ክላክስ ነፋለት።

ዛሬ ጠዋት ወደ ከተማው ተመለሰ። «ከእኔ ጋር ነይ» አለኝ፤ «እስቲ ላስብበት» አልኩት። ቤቱ ጭር አለ። ቀጠሮ የለም፣ ደረጃው ላይ እግር የለም።

ወንበሩ እንደ ዞረ ነው። ተቀመጥኩና በአፌ ሞከርኩት። አንደኛው ማርሽ የድመት ድምፅ ሆነብኝ። ሁለተኛውም አልሆነም። ዳገቱ ላይ፣ ሦስተኛው ጋ ስደርስ፣ ዓይኔን ሳልጨፍን፣ ጠቅ አድርጌ ሳልኩ።

ባለቤቴ ክፍሉ ውስጥ ነበር።